በስሜ የገቡ ጎሎች

ሰው ስሙ የራሱ ይመስለዋል። ቁጭ ብላችሁ ብታስቡት ግን ስማችሁን ከእናንተ ይልቅ የሚገለገልበት ሌላው ሰው ነው። እናት ትጠራዋለች፣ ጎረቤት ያነሣዋል፣ ከሳሽ ያጽፈዋል፤ ባለቤቱ «ማን ልበል?» ካልተባለ በቀር አፉ ላይ አያደርሰውም። እንዲያም ሆኖ፣ ራቅ ካለ ቦታ ስሙ ሲነሣ የሰማ እንደሆነ ጆሮው ቀጥ ይላል። ምን አሉኝ ይሆን? ይህ እንግዲህ ስሙ ቤቱ እያለ ነው። ስሙ ከቤት ወጥቶ፣ ካሚዮን ተሳፍሮ፣ ኬላ አልፎ የሄደበት ሰው ምን ይሁን? የምጠይቃችሁ ደርሶብኝ ነው። እኔ በወጣትነቴ ስሜን ለአራት እሑድ አውሼ፣ እሱ አገር ሲያይ እኔ በበርበሬ ጆንያ መሃል ተደብቄ የዋልኩ ሰው ነኝ።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ደሴ ውስጥ የምንማርበት ትምህርት ቤት የሚሰጠን ትምህርት ብዙ አልነበረም፤ የጣሊያንኛ ፊደል፣ ሰልፍ፣ እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ሰላምታ መስጠት፣ ኳስ። ከእነዚህ ሁሉ ወደን የምንማረው የመጨረሻውን ብቻ ነው። የዚያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ቡድናችን በየእሑዱ ኮምቦልቻ እየወረደ አራት ጊዜ እንዲጋጠም ተፈቀደ። ከነጮቹ ጋር መጫወት ክልክል ስለሆነ ተጋጣሚዎቻችን እንደኛው ያገሩ ልጆች ናቸው፤ መጀመሪያ የመንገድ ሠራተኞች፣ ቀጥሎ የጋራዥ ሠራተኞች፣ ከዚያ የሆስፒታል አስታማሚዎች፣ በመጨረሻ የአውሮፕላን ማረፊያው ጫኝና አውራጆች። ደሴ ላይ ለምን አልተጫወታችሁም የሚለኝ ሰው ደሴን አያውቃትም። ከጦሳ ተራራ ሥር የተለጋች ኳስ የቦርከና ወንዝ ካልያዛት በቀር የሚያቆማት የለም። ደልዳላው ሜዳ ያለው ኮምቦልቻ ነው።

ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም፤ ሐረጎን ጠመዝማዛውን ወርዶ ነው። በዚያ ዘመን ግን መንገድ የሚለካው በኬላ ነበር። ኬላው ላይ ወታደሩ የአሥራ አንዳችንን ስም ከወረቀት ላይ እየጠራ ይቆጥረናል። ስም ጎድሎ ሰው ቢተርፍ፣ ወይም ሰው ጎድሎ ስም ቢተርፍ፣ ቀልድ የለም። ወረቀቱ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር እየተመሳከረ ማኅተም የሚመታበት ስለሆነ ከሜዳ የተገኘ ስም አይገባበትም።

እኔ ጌታቸው እባላለሁ፤ የቄስ ልጅ ነኝ። በቡድኑ ውስጥ የተገኘሁት ጎበዝ ሆኜ አይደለም። አሥራ አንድ ሰው ሲፈለግ አሥር ብቻ ስለተገኘ ነው። በግራ በኩል ተከላካይ ነበርኩ፤ ኳስ ወደኔ ስትመጣ በረኛችን ይጸልያል። አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ የሚማረው ሰይድ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አያቱ ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ ነጋዴ ናቸው፤ አባቱ ሞተው እናቱ እትዬ ዘይነብ ሸዋ በር አጠገብ ጨውና በርበሬ ይሸጣሉ። ሰይድ ኳስ ሲይዝ እግሩ ላይ የሰፋት ይመስላል። ችግሩ አንድ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ አሕመድ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ የነሰይድ ቤት ስም ኬላው ላይ ተጽፎ ተሰጥቷል፤ ማንኛቸውም ከደሴ መውጣት አይችሉም።

የቡድናችን አለቃ ጋሽ ደምሴ የትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ናቸው። ስም ዝርዝሩን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ለመጀመሪያው ግጥሚያ ሁለት ቀን ሲቀረው ከክፍል ጠሩኝና ግራ ቀኙን አይተው፣

«ጌታቸው፣» አሉኝ፤ «አንተ ቅር፤ ስምህ ይሂድ።»

እሺ አልኩ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ። እንዳልጫወት ስለተነገረኝ ደስ ብሎኝ ነው። ፍርሃቱ የመጣው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ሰይድ ቢያዝ በማን ስም ነው የሚያዘው? እኔ ደሴ ላይ ብታይ ኮምቦልቻ ያለው ጌታቸው ማን ሊባል ነው? ለካ ስም ያዋሰ ሰው መሬት ላይ ቦታ የለውም፤ ተመልሶ እስኪመጣለት ድረስ የትም መገኘት የለበትም።

ስለዚህ በየእሑዱ ጠዋት ለአባቴ ኮምቦልቻ መሄዴ ነው ብዬ እወጣና፣ በጓሮ ዞሬ ከእትዬ ዘይነብ ሱቅ ጀርባ ካለው ዕቃ ቤት እገባለሁ። አባቴ ቅዳሴ ጥሎ ኳስ ሊለጋ የሚሄድ ልጅ ስለወለዱ አዝነው ሸኙኝ። እትዬ ዘይነብ ደግሞ በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ደፉ ላይ ቆመው አዩኝ። እኚህ ሴት አንድ ልጃቸው ጫካ ነው፤ ሁለተኛው በሰው ስም ካሚዮን ላይ ነው።

«ልጄ ያለው አንተ ስም ውስጥ ነው፤» አሉኝ። «አደራህን እንዳታስነጥስ።»

ሰው በርበሬ መሃል አስቀምጦ አታስነጥስ ማለት ምን ዓይነት አደራ ነው? አፍንጫዬን በነጠላ ጠቅልዬ ዋልኩ። የሚቀመስ ሲያመጡልኝ ክርስቲያን መሆኔን አስበው ሥጋውን ትተው ባቄላ በዘይት ነው። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከጆንያው ጀርባ እጋደማለሁ። አንድ ደንበኛ ገብቶ ስለ ጨው ዋጋ ሲከራከር፣ እኔ እሱን ሰላይ አድርጌ፣ ተይዤ፣ ተመርምሬ፣ ሁሉንም ተናግሬ ጨርሼ ነበር።

አመሻሹ ላይ ሰይድ መጣ። ፊቱ አቧራ ለብሷል፤ ጥርሱ ብቻ ይታያል። የመንገድ ሠራተኞችን አሸነፍን፤ ሁለቱንም ጎል ያገባሁት እኔ ነኝ አለና ወዲያው አረመው።

«አንተ ነህ እንጂ፤ ሰዉ ሁሉ ጌታቸው፣ ጌታቸው ሲል ነው የዋለው።»

ፈራሁ አልኩት። አብሽር አለኝ። ሰይድ ቤቱ ቢቃጠልም አብሽር የሚል ሰው ነው።

በሁለተኛው እሑድ በጋራዥ ሠራተኞች ላይ ሦስት አገባ። እዚህ ላይ ስሜ ከቁጥጥሬ ወጣ። ኮምቦልቻ ላይ ግጥሚያውን የሚያዝ አንድ የካራቢኔሪ፣ ማለት የጣሊያን ፖሊስ፣ ማሬሻሎ ነበር፤ ማሬሻሎ ማዕረጉ ነው። ኳስ ሲያይ ጦርነቱን የሚረሳ፣ ኳሱ ሲያልቅ ግን የሚያስታውስ ሰው ነው ይሉታል። በሦስቱ ጎል ተደስቶ ለሁለቱም ቡድን ፓስታ በሥጋ አበላ። ሰይድ ደግሞ የክርስቲያን እጅ ያረደውን አይበላም። ጌታቸው ሆኖ ሳለ ምን ብሎ ይተወው? ጾም ላይ ነኝ አለ።

ወሩ በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ዓርብ ረቡዕ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነው፤ ያውም በእሑድ። ሜዳው ዳር የቆመ አንድ የኮምቦልቻ ዲያቆን ይህን ሰምቶ ኖሮ፣ በሳምንቱ ደሴ ሲመጣ ለአባቴ ነገራቸው። አባቴ አስጠሩኝ። በሃምሳው መጾም ከማን ተማርክ፣ አዲስ ሃይማኖት አመጣህ ወይ ብለው ተቆጡኝ። እኔ እንደሆነ የበላሁት የእትዬ ዘይነብን ባቄላ ነው፤ እንዲያውም ሳስበው እውነትም ጾሜ ነበር። አባቴ ግን ተቆጥተው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና ሌላ ነገር ጠየቁኝ። ሦስቱንም አንተ ነህ ያገባኸው? አሉኝ። አዎን አልኩ። በሕይወቴ ለአባቴ የዋሸሁት ትልቁ ውሸት ይኸው ነው። ፊታቸውን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ እየሳመ ጎል የሚጠይቀኝ ሆነ። አባቴ ለደብሩ አለቃ ነግረዋል፣ ለመጋቢው ነግረዋል፣ ከገራዶ ለመጡ ዘመዶቻችን ነግረዋል። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቁመው እግሬን ዝቅ ብለው አዩት። በሰው እግር የተመሰገነ ሰው መራመድ እንዴት እንደሚቸግረው ያላየው አያውቅም።

በሦስተኛው እሑድ በአስታማሚዎቹ ላይ ሁለት ገባ። የዚያን ቀን ሰይድ ሲመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀም። ማሬሻሎው ጌታቸውን ወዶታል። ለመጨረሻው ግጥሚያ ሽልማት በእጁ ሊሰጠው ነው፤ ከዚያም በላይ እንዳሻው ወጥቶ እየገባ እንዲለማመድ ፎቶግራፍ ያለበት የራሱ የይለፍ ወረቀት ይሠራለት ብሏል። ሰይድ እዚያው ፎቶግራፍ ተነሥቶ መጥቷል። በሳምንቱ ውስጥ ወረቀቱ ደረሰ። ጋሽ ደምሴ አሳዩኝ። ከላይ የሰይድ ፊት፣ ከሥሩ የኔ ስም፣ ከጎኑ የማሬሻሎው ፊርማና ማኅተም። አንድ ሰዓት ያህል ትክ ብዬ አየሁት። እስከዚያ ቀን ስሜን ያዋስኩ ይመስለኝ ነበር። ይህን ሳይ ግን አውራ ጣቴን ስሜ ላይ አሳርፌ ተጫንኩት፤ እንዳይሄድብኝ።

ይተዉ፣ ይብቃን አልኳቸው ጋሽ ደምሴን። አንዲት ግጥሚያ ናት የቀረችው አሉ። አሁን ጌታቸው ቢቀር ማሬሻሎው ራሱ ሊፈልገው ደሴ ይመጣል፣ ያኔ ሁላችንም አለቀልን አሉ። እውነታቸውን ነው።

በአራተኛው እሑድ ጠዋት ሰይድ እናቱን ተሰናበተና ወደ ዕቃ ቤቱ ብቅ አለ። ሌላ ጊዜ ከበሩ ላይ ሆኖ አብሽር ብሎኝ ነው የሚሄደው። ያን ዕለት ገባና እጄን ይዞ ቆየ። እጄን የያዘበት አያያዝ ልክ አልነበረም፤ እኔ ግን ስለራሴ እየፈራሁ ስለነበር አላስተዋልኩትም። ፈሪ ሰው ከራሱ ሌላ የሚያየው የለም።

ቀኑ ረዘመ። ካሚዮኑ የሚመለስበት ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። በኋላ የመጣው ሰይድ ሳይሆን ጋሽ ደምሴ ነው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። አውራጆቹን አሸንፈናል፣ አራት አግብቷል አሉ። ሽልማቱንም ከማሬሻሎው እጅ ተቀብሏል። ከዚያ ውኃ ልጠጣ ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ፈልገን ስናጣው በወረቀቱ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለውን የሐርቡን ኬላ አልፎ መሄዱን ሰማን። ኬላው ላይ አሥር ሆነን ተቆጠርን፤ የጎደለው ጌታቸው ተብሎ ተጻፈ አሉ።

እትዬ ዘይነብ አልጮሁም። ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ወንድሙ ጋ ነው የሄደው አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣

«ስምህን ይዞብህ ሄደ፤» አሉ። «አፉ በለኝ ልጄ።»

አፉ ብያለሁ አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ካራቢኔሪዎች ከጋሽ ደምሴ ጋር ወደ ቤታችን መጡ። ልሸሽ አስቤ ነበር፤ እኔ ብሸሽ አባቴን ነው የሚወስዱት። አንዱ ፎቶግራፍ አወጣና ለአባቴ አሳያቸው። ይህ ልጅህ ጌታቸው የት ነው ያለው አላቸው። አባቴ ፎቶግራፉን ወደ ብርሃን ወስደው አዩት። ይህ የኔ ልጅ አይደለም አሉ፤ በመስቀላቸው ማሉ። እንግዲያስ ጌታቸው የታለ ሲባሉ፣ ይኸውና ቆሞ ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ወታደሮቹ እኔን አዩ፣ ፎቶግራፉን አዩ። ከዚያ በጋሽ ደምሴ አፍ፣ ኮምቦልቻ ላይ ወር ሙሉ ጎል ሲያገባ የነበረው ይህ ባለፎቶግራፉ ነው ተባለ።

አባቴ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። ጠመንጃ የያዙት ሁለቱ ናቸው፤ እኔ ግን የፈራሁት ባለመስቀሉን ነው።

ካሚዮን ላይ ሲያወጡኝ አባቴም ወጡ። ውረድ አሏቸው፤ አልወረዱም። ሐረጎን ስንወርድ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። እኔ በየመጠምዘዣው ስለምለው ነገር አስባለሁ፤ አንዱ ታጥፎ ሳያልቅ ያሰብኩትን እረሳዋለሁ።

ማሬሻሎው ሜዳው ዳር ቆሞ ጠበቀን። አጭር፣ ዓይኑ ያልተኛ ሰው ነው። እንደገባኝ፣ እሱም ፈርቷል። የጠፋው ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ወረቀት የእሱ ፊርማ ያለበት ነዋ። አለቆቹ ቢሰሙ ምን ይሉታል? ስለዚህ አንድ ያልታወቀ ወስላታ የቄስ ልጅ ስም ሰርቆ ሁሉንም አታለለ የሚል ታሪክ ቢያገኝ አይጠላም። ይህ ታሪክ የሚቆመው ግን እኔ ከቡድኑ ጋር ምንም ካልነበረኝ ነው።

ባለፎቶግራፉን ታውቀዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩ። ጋሽ ደምሴ ያቺን አንዲት ቃል ሲተረጉሟት ረጅም ንግግር ሆነች፤ በመሃሉ ቤተ ክርስቲያን፣ ኳስ፣ እናት፣ መማር፣ ሆድ ሕመም የሚሉ ቃላት ሰማሁ። ማሬሻሎው አዳመጠ። ከዚያ ኳስ አስመጣ። ከአውሮፕላን ማረፊያው አውራጆች አንዱን በረኛ አድርጎ አቆመው። ይህ ልጅ ኳስ ነክቶ የማያውቅ ከሆነ ይምታና እንየው አለ።

እንግዲህ አስቡት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳት ግዴታዬ ሆነ። ብስት እድናለሁ። ካገባሁ ውሸታም ነኝ፤ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ጋሽ ደምሴም፣ ቡድኑም፣ ከዚያ ማን ነበር ሲባል እትዬ ዘይነብም። ለሌላ ሰው ከባድ ሊሆን ይችላል። ለኔ መሳት ምን ያስቸግራል? ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሥራ ነው። ብቻ የዚያን ቀን አሰብኩበት። ስህተቱ ያላዋቂ ስህተት እንዲመስል፣ ወደ ቀኝ፣ ከግቡ በጣም ርቆ እንዲሄድ በልቤ አሰላሁ። ጫማ አላደረግኩም፤ ከቤት ሲያወጡኝ ጊዜ አልሰጡኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ሮጬ ለጋሁ።

ኳሷን ያገኘኋት በአውራ ጣቴ ጥፍር ነው። ወደ ቀኝ ወጣች፤ ከዚያ ምን እንደነካት አላውቅም፣ እንደ እንዝርት እየሾረች ተመለሰችና የግቡን ቋሚ እንጨት መትታ ገባች። በረኛው በሌላ በኩል ወድቆ ነበር። እኔም በጀርባዬ ወድቄያለሁ። ተጋድሜ ሰማዩን ሳይ፣ በቃ፣ ሁላችንንም ገደልኩ አልኩ።

ማሬሻሎው መጣና ከላዬ ቆመ። ያየው ግን ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነው። ጥፍሬ ተነቅሎ ደሙ ይፈስሳል። ጎንበስ ብሎ በደንብ ተመለከተውና ለጋሽ ደምሴ አንድ ነገር አላቸው። ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

«ኳስ የሚያውቅ ሰው በጥፍሩ አይመታም፤ ውሰዱት።»

አባቴ ደግፈው አነሡኝ። የሚያደርሰን ካሚዮን ስላልነበረ ሐረጎን በእግራችን ስንወጣ እያነከስኩ ነው። ከግማሽ መንገድ በላይ ወጣን። ከዚያ ቆም አሉና፣

«ያቺ ኳስ ግን ገብታለች አይደል?» አሉኝ።

ገብታለች አባባ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ስም ማዋስ ኃጢአት መሆን አለመሆኑን መጽሐፍ አይቼ እነግርሃለሁ አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ደሴ ስንደርስ ወደ ቤት አልታጠፉም። ወደ ሸዋ በር ሄደው ከእትዬ ዘይነብ ሱቅ ገቡ፤ አንድ ዱካ ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ አብረዋቸው ቆዩ። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም።

ማሬሻሎው ጉዳዩን ቀበረው መሰለኝ፤ ማንም ተመልሶ አልጠየቀንም። እኔ ግን ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀድሜ የምነሣው ወደ ጓሮው በር ነበር።

ሰይድ የተመለሰው ያኔ ነው፤ ጣሊያን ሲወጣ። ከስቷል፣ ጺም አብቅሏል፤ ወንድሙም አብሮት ደህና ገባ። የይለፍ ወረቀቱ ሦስት ኬላ አሳልፎት ከዚያ ዝናብ አበላሽቶት መጣሉን ነገረኝ። ሳልነግርህ በመሄዴ አፉ በለኝ፣ ብነግርህ ፊትህ ይናገር ነበር አለ። ይህንንም እውነቱን ነው። እኔም የሆነውን ሁሉ አወራሁለት። ስለ ካራቢኔሪዎቹ ስነግረው አንገቱን ደፋ፤ ስለ አባቴ ስነግረው ዓይኑ እንባ አዘለ። ጎሏ ላይ ስደርስ ግን ሳቀ። ቋሚውን መትታ ገባች አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ወላሂ፣ ሌላውን ሁሉ አምኜሃለሁ፤» አለኝ። «ይቺን ግን ተዋት።»

ተናደድኩ። ያላገባኋቸውን አሥራ አንድ ጎሎች አገር ሁሉ አምኖ እየሳመኝ፣ ያገባኋትን አንዷን ይህ ሰው እንዴት ይክደኛል? እጁን ጎትቼ አባቴ ጋ ወሰድኩት። ከደብሩ አጥር ሥር ዳዊት ሲደግሙ አገኘናቸው። አባባ፣ ያን ዕለት ኮምቦልቻ ላይ አግብቻለሁ ወይስ አላገባሁም፣ ይንገሩልኝ አልኳቸው።

አባቴ ዳዊታቸውን ዘጉ። ሰይድን አገላብጠው ሳሙት፣ የእናቱን ጤና ጠየቁት። ከዚያ ለኔ እያዘኑ መለሱልኝ። ስላላገባሃቸው ጎሎች ለደብሩ ሁሉ ስለዋሸሁ ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ አሉ፤ ቀኖና የተሰጠኝም ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ኳስ ከአፌ ቃል እንዳላወጣ ነው አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ሰይድ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ግድ የለም፤» አለ። «ከአሥራ አንዱ አንዷን ውሰድ፣ ሰጥቼሃለሁ።»

ምን አደርጋለሁ? አመስግኜ ተቀበልኩ።